ወደ ፀሐይ ያልወጣው ወረቀት

መቱ ውስጥ ልብሱ ቶሎ እንዲደርስለት የሚፈልግ ሰው እትዬ ዋሪቱ ዘንድ አይሄድም ነበር። ሰነፍ ሆና አይደለም፤ ስፌቷን የሚያማ ቢገኝ ከቡሬ እስከ ጎሬ ያለ ልብስ ሰፊ ሁሉ ይስቅበታል። ችግሩ ሌላ ነው። በታጁዲን የጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ስትሰፋ አንድ ሰው መጥቶ ወሬ ከጀመረ፣ እግሯን ከስፌት መኪናው መርገጫ ላይ ታነሣና ተናግሮ እስኪጨርስ ዓይን ዓይኑን እያየች ታዳምጠዋለች። የበቆሎ ዋጋ ይሁን፣ የአማት ሐሜት ይሁን፣ የሰካራም ልፍለፋ ይሁን አታቋርጥም። ሲበቃው "ጨረስክ?" ትለዋለች። "ጨርሻለሁ" ካለ በኋላ ነው መኪናው እንደገና የሚንቀሳቀሰው። መቱ ደግሞ ወሬ ነጥፎባት አያውቅም፤ ስለዚህ ለፋሲካ የታዘዘ ቀሚስ ለዳግማይ ትንሣኤ ይደርሳል።

አዲስ መጤዎች ጠባይዋ ይመስላቸው ነበር። የቀድሞዋን ዋሪቱን የሚያውቁ ግን ይገረሙ ነበር፤ ምክንያቱም የቀድሞዋ ዋሪቱ ሰው "እን..." ሲል "እንደምን አደርክ" ብላ የምትጨርስለት ሴት ነበረች። እንዲህ የተለወጠችው በ1955 ዓ.ም. ነው፤ የለወጣትም አንድ ቀሚስ ነው። ከቀሚሱም ይልቅ ቀሚሱ የተቆረጠበት ወረቀት።

ዋሪቱ ያደገችው ጎሬ ነው። ጣልያን ከመግባቱ በፊት ጎሬ ላይ ቡና የሚገዛ አንድ ግሪካዊ ነጋዴ ነበር፤ ሚስቱ ማዳም ማሪካ ዋሪቱን በአሥራ ሁለት ዓመቷ ለቤት ሥራ ወሰደቻት። ማዳም ማሪካ ልጅ አልነበራትም። የነበራት የስፌት መኪናና አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ነው። መኪናዋን ለማንም ታሳያለች፤ ሳጥኑን ግን የዋሪቱ እጅ ለመርፌ መመቸቱን እስክታይ ድረስ አምስት ዓመት ሙሉ አልከፈተችላትም።

ሳጥኑ ውስጥ ያለው የማዳም እናት የተዳረችበት ቀሚስ ልክ ነበር፤ ጨርቅ ላይ ተነጥፎ በዙሪያው የሚቆረጥ ወረቀት፣ አሥራ አራት ቁራጭ። ወረቀቱ ከማርጀቱ የተነሣ የጠጅ ቀለም ይዟል፤ ሲነሣ ይንኮሻኮሻል። አንድም ፊደል፣ አንድም መስመር አልተጻፈበትም። ያለበት ቀዳዳ ብቻ ነው፤ ክብ ክብ፣ ትልልቅና ትንንሽ ቀዳዳ። ሦስት ትልልቅ ቀዳዳ ጎን ለጎን ካሉ ያ ቁራጭ በታጠፈ ጨርቅ ላይ ይነጠፋል። ትንንሾቹ በሰልፍ ከቆሙ ጨርቁ እዚያ ጋ ይሸበሸባል። ሁለት ቁራጭ አንድ ዓይነት ቀዳዳ ጫፋቸው ላይ ካላቸው ባልና ሚስት ናቸው፤ አንዱ ካንዱ ይሰፋል። ዋሪቱ ፊደል አልቆጠረችም። ይህን ቀዳዳ ግን ቄስ ዳዊቱን እንደሚያነበው ታነበው ጀመር፤ በሕይወቷ ያነበበችውም መጽሐፍ ይኸው ብቻ ነው።

በ1927 ዓ.ም. ጥር ላይ ዋሪቱ ኩመራን ስታገባ ማዳም ነጭ ሐር ሰጠቻት፤ ሁለቱ ተጋግዘው ያንን ቀሚስ ሰፉ። አንገቱ እስከ አገጭ የሚደርስ፣ እጅጌው ትከሻ ላይ የተነፋ፣ ወገቡ ጥብቅ ብሎ ከታች የሚዘረጋ፣ ከጀርባው ሃያ ሁለት ትንንሽ ቁልፍ ያለው። የጎሬ ሰው "የኩመራ ሙሽራ ፈረንጅ ሆነች" ብሎ አንድ ወር አወራ። ኩመራ ራሱ ስለ ቀሚሱ የተናገረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። "ይህንን የሰፋ እጅ ይባረክ" አለ። አልደገመውም።

የኩመራ ነገር እንዲህ ነው። ሙያው ቁም ጸሐፊነት ነው፤ የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ይጽፋል፣ ያረጁትንም ይጠግናል። የኢሉባቦር እርጥበትና ብል ለብራና አይራሩም፤ ከጎሬ፣ ከኖጳ፣ ከቡሬ ብል የበሳው መጽሐፍ በአህያ እየተጫነ ይመጣለታል፤ እሱም ቀዳዳውን እየጠገነ ይመልሳል። ሰው አንድ ነገር ድገምልኝ ሲለው "ሁለት ጊዜ የተጻፈ ቃል ይፋቃል" ይላል። እውነቱን ነው፤ ጸሐፊ አንድ ቃል በስሕተት ከደገመ በካራ ፍቆ ያጠፋዋል። ይህን የብራና ሕግ ለአፉም አደረገው። አንድ ጊዜ ይናገራል፤ የሰማ ሰማ፣ ያልሰማ አለፈው። ከሱ በዐሥር ዓመት የምታንሰውና ምላሷ እንደ መኪናዋ የሚሮጠው ዋሪቱ እንዴት እንደተስማማችው እግዜር ይወቅ፤ ተስማምተው ግን ኖሩ።

ጣልያን ጎሬ ሲደርስ ማዳምና ባሏ ወደ አገራቸው ሄዱ፤ ስትሄድ የቆርቆሮ ሳጥኑን ለዋሪቱ ሰጠቻት። ዋሪቱና ኩመራ ወደ ኖጳ ጫካ ሸሹ። ከቤታቸው የወጡት በሁለት ስልቻ እህል፣ በአንድ ዳዊት፣ በሳጥኑና በሠርግ ቀሚሷ ነው። የመጀመሪያ ልጃቸው እዚያው ጫካ ውስጥ ተወለደ፤ ወንድ ነበር። ሰባት ወር ኖሮ በወባ ሞተ። መገነዣ የሚሆን ነጭ ጨርቅ በአካባቢው አልተገኘም። የነበረው ነጭ ቀሚሱ ብቻ ነው። ዋሪቱ መቀሱን አንሥታ እጇ እምቢ አላት፤ ኩመራ ቀሚሱን ከእጇ ተቀበላትና በብራና ካራው እሱ ቆረጠው። ከወገብ በታች ያለውን ለልጁ አደረጉት። የቀረው ከሁለት ዓመት በኋላ ለሁለተኛው ልጅ መገነዣ ሆነ።

ነጻነት መጥቶ መቱ ላይ ቤት ከሠሩ በኋላ፣ በ1935 ዓ.ም. ዱሬቲ ተወለደች። ዋሪቱ ገና አራስ ቤት ሳለች ተሳለች፦ "ይቺን ካቆየህልኝ ያንኑ ቀሚስ እንደገና ሰፍቼ፣ እሱን አልብሼ እድራታለሁ።" ኩመራ በር ላይ ቆሞ "አሜን" አለ። ዱሬቲም ቆየች፤ ረጅም፣ ሳቂታ፣ የአባቷን ዝምታም የእናቷንም ምላስ ያልወረሰች፣ መካከለኛ ልጅ ሆነች። ሳጥኑ ቆጥ ላይ ሃያ ዓመት ተቀምጦ ጠበቃት። እናቷ በዓመት አንዴ፣ ዝናብ ሲያባራ፣ አውርዳ አራግፋ፣ ቆጥራ ትመልሰዋለች። አሥራ አራት ነው፤ አንድም አልጎደለም።

በ1954 ዓ.ም. ሰኔ ቡሬ ጤና ጣቢያ ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢና መርፌ ወጊ፣ የነበረው ሁንዴሳ ወደ ዱሬቲ ቤት ሽማግሌ ላከ። ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። ዋሪቱ ከታጁዲን ሱቅ ነጩን ሐር ወሰደች፤ ክረምቱ እስኪወጣ ግን መቀስ አላነሣችም፤ በክረምት ሐር እርጥበት ይጠጣና ሲደርቅ ይሸማቀቃል። "መስቀል ያልፍና እጀምራለሁ" አለች።

ኩመራም በልቡ የራሱን ስጦታ አሰበ። ምስኪን ሰው! ከስጦታ ስጦታ ያጣ ይመስል። በነሐሴ ፆም፣ ሚስቱ በረንዳዋ ላይ ስትውል፣ ሳጥኑን ከቆጥ አወረደው። ከፈተው፤ ያንን አሮጌ ወረቀት አየ። ዕድሜውን ሙሉ ቀዳዳ ሲጠግን የኖረ ሰው ቀዳዳ ሲያይ ምን ያስባል? ብል መሰለው። እንደዚያ ክብ ክብ ሆኖ መጽሐፍ የሚበሳ ብል ስንት ጊዜ አይቷል! ሚስቱ ስታነበው ቤት ውስጥ ተቀምጦ አያውቅም፤ ቀሚሱ ሲሰፋም ሙሽራ ስለነበር ወደ ማዳም ቤት እንዳይደርስ ተከልክሎ ነበር። በዋሪቱም ላይ ሳልፈርድ አላልፍም፤ ሃያ ሰባት ዓመት ስታወራለት ስለዚያ ቀዳዳ አንድ ቃል አልነገረችውም። እሱም የፊደል ሰው ነው፤ ሌላ ሰው በቀዳዳ ያነባል ብሎ እንዴት ይጠርጥር?

ከስንዴ ዱቄት ሙጫ አፈላ። ስስ ወረቀት አመጣ። አሥራ አራቱን ቁራጭ አንድ በአንድ፣ በፊትም በኋላም በስስ ወረቀት አለበሳቸው፤ በአጥንት አሻቸው፤ ዳር ዳራቸውን በካራ አስተካከለ። ሃያ ቀን ፈጀበት። ሲጨርስ ወረቀቱ የማይንኮሻኮሽ፣ የማይቀደድ፣ እንደ ብራና የሚለሰልስ ሆነ። በዚያ ሰሞን ማታ ማታ ለብቻው ፈገግ ይል ነበር። ዋሪቱ "ምን አገኘዎት?" ብትለው "ታዪዋለሽ" አላት።

መስቀል በዋለ በሦስተኛው ቀን ዋሪቱ ጠረጴዛዋን ጠራርጋ ሐሩን አወጣች፤ ዱሬቲን አጠገቧ አስቀመጠች፤ ሳጥኑን ከፈተች። ኩመራ በር ላይ ቆሞ ያያታል፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሯል። አንዱን ቁራጭ አንሥታ ገለበጠችው። ሁለተኛውን አነሣች። ሦስተኛውን።

"ቀዳዳው የታለ?" አለች።

"ጠገንኩት" አለ ኩመራ። "ብል በልቶት ነበር።"

ዋሪቱ የያዘችውን ቁራጭ ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። ከዚያ አፏ ተከፈተ። ያቺ ሴት ባሏን ከሠርጓ ቀን ጀምሮ "አንቱ" እንጂ "አንተ" ብላው አታውቅም፤ የዚያን ቀን ግን አንቱታውን ከየት ታምጣው።

"ያቺን ቀሚስ ሁለት ጊዜ ቀበርካት!" አለችው።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ዱሬቲ "አዮ!" ብላ እናቷን ጠርታ ጮኸች። ኩመራ ቃሉ ምን እንደሆነ ገብቶታል፤ የመጀመሪያው ቀብር የትኛው እንደሆነ ማንም ሊያስታውሰው አያስፈልግም፤ ካራውን የያዘው እሱ ነበር። ከዚያ ቀረብ አለና አንዱን ቁራጭ ሊያነሣ እጁን ዘረጋ።

"እስቲ አንዴ ወደ ፀሐይ አውጪውና..."

"ዲሲ!" አለችው በኦሮምኛ፤ ተወው ማለቷ ነው። "እጅህ ዳግመኛ እንዳይነካው!" ቁርጥራጮቹን ሰብስባ ሳጥኑ ውስጥ ከተተች፤ ቆለፈችው፤ ቁልፉን አንገቷ ላይ አሰረችው።

ኩመራ ሁለተኛ አልተናገረም። ሁለት ጊዜ የተጻፈ ቃል ይፋቃል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁለት ወር ዱሬቲ ስታስበው ኖራለች። ዋሪቱ በአቡጀዲ ከትዝታዋ ለመቁረጥ ሞከረች። ማዳም ሳትኖር ብቻዋን አንድም ቀን ሰፍታው አታውቅም፤ ሃያ ሰባት ዓመትም አልፎታል። አንዱ እጅጌ ወደ ፊት አንዱ ወደ ኋላ ዞረ፤ ወገቡ ተጠማዘዘ። ፈታችው፤ እንደገና ሰፋችው፤ የባሰ ሆነ። ሦስተኛውን አንሥታ ወለል ጠራረገችበት። ለባሏ ምሳውን ታቀርባለች፤ ውኃ ታስታጥባለች፤ አንቱታውም ተመልሷል፤ ግን አብራው አትቀመጥም። እሱም በልቶ ተመስገን ብሎ ወደ ጥግ ሄዶ ለቤተ ክርስቲያን የሚጠግነውን ዳዊት ይገልጣል።

"አዮ፣ ማሎ" ብላ ለመነቻት ዱሬቲ አንድ ቀን። "እኔ በአቡጀዲም እዳራለሁ። ከአባባ ጋር ታረቂ።"

"አልተጣላንም" አለች ዋሪቱ።

"ያስኮረፈሽ ቀሚሱ ነው?"

"ስለቴ ነው!" አለችና ተነሥታ ወጣች። ውስጧን ብትመረምረው ስለቱ ብቻ አልነበረም። ስትቀብራቸው ያላለቀሰችላቸውን ሁለቱን ልጆች በዚያ ቀሚስ መልሳ የምታገኛቸው ይመስላት ነበር። ይህን ለባሏ መንገር አቃታት፤ መናገር የማያቅታት ሴት።

ኅዳር ሲገባ ኩመራን ሳል ያዘው። በነሐሴ እርጥብ ወረቀትና ሙጫ ላይ አቀርቅሮ ሲሠራ የጀመረው ጉንፋን ነው ያሉ አሉ። ሁንዴሳ ከቡሬ በበቅሎ መጥቶ መርፌ ወጋው፤ ደረቱን አዳምጦ ለዱሬቲ ራሱን ነቀነቀላት። ያኔ ዋሪቱ ኩርፊያዋን ሁሉ ጥላ አልጋው ሥር ተቀመጠች። እግሩን አሸች፤ ሾርባ በማንኪያ ሰጠች፤ ይቅርታ ልጠይቀው ብላ በየቀኑ "ነገ ትንሽ ሲሻለው" ትላለች።

በአምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ኩመራ ዓይኑን ገለጠ። ለዱሬቲ "ሠርጉ እንዳይዘገይ፤ ቃል ተሰጥቷል" አላት። ከዚያ ቆጡ ላይ ወዳለው ሳጥን ቀና ብሎ አየና "ዋሪቱ" አለ።

"እዚህ ነኝ። አይናገሩ፤ ይረፉ፤ ትንፋሽ ያጥርዎታል" አለችው።

ከፍቅሯ ነው ያለችው። ኩመራም ዐረፈ። ሲነጋ የሠፈሩ ሰው ድንኳን ሊተክል መጣ።

ዋሪቱ እንዴት እንዳለቀሰች መናገር አያስፈልግም፤ መቱ ሁሉ ሰምቷል። ጥቁር ለበሰች፤ ጸጉሯን ተላጨች። ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ ሟቹ በአንደበቱ ስላዘዘ፣ አርባው ከወጣ በኋላ ሠርጉ ያለ ከበሮና ያለ ዘፈን እንዲደረግ ወሰኑ፤ ቀኑም ጥር ሃያ አምስት ሆነ። ዋሪቱ ስለ ቀሚሱ ጨርሳ ተስፋ ቆርጣለች። ሐሩን እንደ ሰው ሁሉ ቀሚስ፣ ቀጥ ያለ፣ ሁለት ስፌት አድርጌ አለብሳታለሁ አለች። ስለቴን እግዜር ይቅር ይበለኝ አለች።

ጥር በገባ በአምስተኛው ቀን የደብሩ ቄሰ ገበዝ አራርሳ ኩመራ ሲጠግነው የነበረውን ዳዊት ሊወስዱ መጡ። ዋሪቱ መጽሐፉን ከጥጉ አንሥታ ሰጠቻቸው። ቄሰ ገበዙ ተቀምጠው አልተቀበሉም፤ ይዘውት ወደ በሩ ሄዱ፤ ቅጠል ቅጠሉን እያነሡ ወደ ውጭው ብርሃን ማየት ጀመሩ።

"ምነው አባ፣ ጎደለ እንዴ?" አለች።

"የለም፣ ልጄ። ነፍሱን ይማረውና ኩመራ እንዲህ አድርጉ ብሎን ነው። የጠገነውን ስንረከብ 'ወደ ፀሐይ አውጡና እዩልኝ' ይል ነበር። ነይማ እዪው።"

ቀረብ አለች። በእጅ ሲያዝ ምንም ያልነበረበት ቅጠል፣ በር ላይ ሲነሣ፣ የተጠገኑት ቀዳዳዎች ሁሉ ክብ ክብ ሆነው አበሩ።

"አየሽ" አሉ ቄሰ ገበዙ፤ "'እኔ ቀዳዳ እደፍናለሁ እንጂ አላጠፋም። ነገ የሚመጣው ጠጋኝ የትኛው የበግ ቆዳ፣ የትኛው የእኔ እጅ እንደሆነ ማወቅ አለበት' ይል ነበር። እንዲህ ያለ ሰው..."

የቀሩትን አልሰማቻቸውም። እስቲ አንዴ ወደ ፀሐይ አውጪውና። እስቲ አንዴ ወደ ፀሐይ አውጪውና። አንገቷ ላይ ያለውን ቁልፍ ፈታች። ሳጥኑን አወረደች፤ ከላይ ያለውን ቁራጭ ይዛ ወደ ግቢው ወጣች፤ በሁለት እጇ ወደ ጥር ፀሐይ ዘረጋችው።

ሦስት ትልልቅ ቀዳዳ፣ ጎን ለጎን። ከሥራቸው ትንንሾቹ፣ በሰልፍ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ወረቀቱ አንዱንም አልለቀቀም ነበር። ከሦስት ወር በላይ ቆጡ ላይ፣ በአንገቷ ቁልፍ ተቆልፎ፣ አንድም ሳይጎድል ተቀምጧል። ያልነበረው ወደ ደጅ የሚያወጣው ሰው ነው።

ዋሪቱ ቀሚሱ ተገኘ ብላ አልተደሰተችም። እዚያው አፈር ላይ ተቀመጠች። ዱሬቲ ፀሐይ የመታት መስሏት ሮጣ መጣች።

"ሊነግረኝ ነበር" አለች ዋሪቱ። "ሁለት ጊዜ ሊነግረኝ ነበር፣ ልጄ። መጀመሪያ በክፋቴ አፉን ዘጋሁት፤ ሁለተኛ ደግሞ በደግነቴ።" እንዲህ ብላ ወረቀቱን እቅፏ ውስጥ አድርጋ አለቀሰች፤ በቀብሩ ቀን ያለቀሰችው ከዚህ ጋር ሲተያይ ልቅሶ አልነበረም።

ሃያ ቀን ቀርቷታል። በማግስቱ ሐሩን ይዛ ወደ በረንዳዋ ሄደች። ወረቀቱ የሚነበበው በፀሐይ ብቻ ስለሆነ፣ ዱሬቲ እያንዳንዱን ቁራጭ በሁለት እጇ ወደ ሰማይ ዘርግታ ትይዛለች፤ እናትየው ቀዳዳው በበራበት ላይ በጠመኔ ነጥብ ታደርጋለች። ደመና ሲመጣ ሥራ ይቆማል። ዱሬቲ እጇ ሲዝል "አዮ፣ ለምን በመርፌ እየወጋሽ አትከፍቺውም? ሁልጊዜ እንዲታይ" አለቻት።

"አባትሽ የደፈነውን እኔ አልበሳም" አለች ዋሪቱ። አንዱንም አልወጋችም።

ባለሱቁ ታጁዲን ከመደርደሪያው ኋላ ሲያያቸው ቆየና ወደ በረንዳው ወጣ። ሰው ሐዘን ላይ ሲሆን ምን እንደሚባል የማያውቅ፣ ደግ ሰው ነው።

"እትዬ ዋሪቱ፣ ያ ስስ ወረቀት ከእኔ ቤት የሄደ ነው" አላት። "ሐር ተጠቅልሎበት የሚመጣው። ጋሼ ኩመራ በፆሙ ጊዜ መጥቶ ወፍራሙን ሰጠሁት፤ መለሰልኝ። 'ብርሃን የሚያሳልፈውን ስጠኝ' አለኝ። ለምንድን ነው ስለው፣ 'ዋሪቱ የእኔን እጅ ሥራ ወደ ፀሐይ አውጥታ እንድታየው እፈልጋለሁ' አለኝ።"

ዋሪቱ እግሯን ከመርገጫው አነሣች። ታጁዲን ንግግሩን እስኪጨርስ ድረስ አየችው።

"ጨረስክ፣ ታጁዲን? ሌላ ያለው ነገር አለ?"

ታጁዲን አሰበ። "ሌላ አላለኝም። ሒሳቡን ከፍሎ ዝናብ እስኪያባራ እዚህ ቆሞ ነበር። ደስ ብሎት ነበር።"

"ደስ ብሎት ነበር" አለች ዋሪቱ። መኪናዋን መልሳ ለማንቀሳቀስ ብዙ ቆየች።

ጥር ሃያ አምስት ዱሬቲ ቀሚሱን ለብሳ ወጣች። አንገቱ እስከ አገጭ፣ እጅጌው ትከሻ ላይ የተነፋ፣ ከጀርባው ሃያ ሁለት ቁልፍ። ከበሮ አልተመታም፤ እልልታም አልነበረም። ከጎሬ የመጡ ሁለት አሮጊቶች ዋሪቱን በ1927 ያዩዋት ናቸው፤ ሙሽራዪቱን ሲያዩ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ሁንዴሳ የፈጣሪ ምስኪን፣ ሠርጉ ቤት ውስጥ የት እንደሚቆም ጠፋው። ዋሪቱ በጥቁር ልብሷ ጥግ ላይ ተቀምጣ፣ ቀሚሱን ከታች እስከ ላይ እያነበበች፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን መያዙን አየች። ስለቷ ደረሰ። ኩመራ "አሜን" ያለበት በር ላይ ግን ማንም አልቆመም።

ሙሽሮቹ ወደ ቡሬ በሄዱ በማግስቱ፣ ሰው ገና ለእርሻና ለገበያ ሳይወጣ፣ ዋሪቱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄደች። ሳጥኑን ይዛለች። መቃብሩ አፈሩ ገና አልጠናም። ከሳጥኑ አንድ ቁራጭ አወጣችና ወደምትወጣው ፀሐይ ዘረጋችው፤ ቀዳዳዎቹ በሩ።

"አወጣሁት" አለች። "እንዳሉኝ ወደ ፀሐይ አወጣሁት። ይኸው አየሁት።"

ወረቀቱን አጥፋ መለሰች። ነጠላዋን አስተካክላ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አደረገች፤ ፊቷን ወደ አፈሩ መለሰች።

"አሁን ይጨርሱት" አለችው። "እየሰማሁ ነው።"

ፀሐይ እስክትከር ድረስ ተቀመጠች። ከዚያ ተነሥታ አፈሯን አራገፈችና ወደ በረንዳዋ ወረደች። አንዲት ሴት የልጇን የተቀደደ ኮት ይዛ ስትጠብቃት አገኘቻት፤ ሴትዮዋ ገና ከሩቅ መናገር ጀመረች፤ ዋሪቱም ዝም ብላ አዳመጠቻት።